እንደ በግ የሚጮኸው የዘሥላሴ ሞተር

አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ላይ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ባለሞተሩ ዘሥላሴ የጋሽ ሞገስን ሙክት አልዩ አምባ ገበያ አደርሳለሁ ብሎ ጫነና መንገድ ላይ አርዶ በላው። ከዚያ «ገደል ገባብኝ» ብሎ በሚካኤል ማለ። ሚካኤልም ዝም አላለም፤ የሞተሩን የፊት ጎማ እንደ በግ አስጮኸው።

ወሬውን እንዳለ ለመዋጥ ግን ጉሮሮ ይከብዳል። ጠዋት አንድ የነበረው ሙክት ከምሳ በኋላ ሁለት ሆነ፤ ጠላ ቤት ሲደርስ ጭራሽ ወልዶ ተገኘ። የተኮላሸ በግ እንዴት ይወልዳል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ደግሞ ዘሥላሴን ያየ ሰው ይፍረድ፤ እንኳን ሙክት ሊበላ፣ የሙክት ሽታ በአጠገቡ ያለፈ አይመስልም። ነፋስ የሚነሳ ቀን ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው እሱ ራሱ እንዳይወሰድ ነው ይባላል።

የጎማው ጩኸት ግን እውነት ነበር። በደረቅ ቀን ሞተሩ ሱባኤ የገባ መነኩሴ ነው፤ ትንፍሽ አይልም። ጭጋግ በወረደ ቀን ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ሲጀምር ግን ከፊት ጎማው «ባዕ… ባዕ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ዘሥላሴ ወርዶ ያያል፣ ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ምንም የለም። ተነስቶ ትንሽ እንደሄደ «ባዕ!» በዚያ በኩል ገደል ነው፣ በዚህ በኩል ገደል ነው። የፊት ጎማው በድንገት ነክሶ ቢቆም የእሱንም የተሳፋሪውንም ሬሳ የሚያነሳው አሞራ ብቻ ነው።

አንድ ቀን አስተማሪው ሙሉቀን ከኋላው ተቀምጦ ሳለ ድምፁ መጣ።

«አውርደኝ!» አለ።

«ምነው መምህር፣ ገና መንገዱ አልተጋመሰም።»

«በእግሬ ይሻለኛል። ሚካኤል አንተን ሲመታ ፍንጣሪው እኔን እንዳያገኘኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሰው መጫን ብርቅ ሆነበት። በግማ ማን ይሰጠዋል! ደብረ ብርሃን ድረስ ወስዶ ጋራዥ ላለው መካኒክ ለገዛኸኝ አሳየው። ፀሐይ ነበር። ገዛኸኝ የፊቱን ከፍ አድርጎ ጎማውን ደጋግሞ አሽከረከረው። ዝም።

«ሲጮህ አምጣው» አለ ገዛኸኝ።

«ሲጮህማ አንኮበር ነው ያለሁት!»

«እንግዲያው አንኮበርን ጭነህ ና።»

ይኼን ሁሉ በሳቅ ያልፈው ነበር። ሚስቱ ሰብለ ግን ገበያ በዋለ ቁጥር ከኋላው ተቀምጣ፣ ወገቡን ይዛ ነበር የምትወርደው። አንድ ጠዋት ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ሞተሩን አልፋ በእግሯ ጀመረች።

«አንቺ፣ ወዴት ነው?»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ሰብለ!»

ቆመች። ፊቷን ሳታዞር «በልተኸዋል እንዴ?» አለችው። «ለእኔ ንገረኝ። ብትበላውም ባሌ ነህ።»

ያቺ «ብትበላውም» ከሐሜቱ ሁሉ በላይ ወጋችው። ብትሰድበው መልስ ነበረው፤ ይቅር ስትለው ግን ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። እልህም ያዘው። ጎማውን ዝም ካሰኘሁ ወሬውም ዝም ይላል፣ ሰብለም ትመለሳለች ብሎ አሰበ። መካኒክ ያልፈታውን ጸበል ይፈታዋል አለና ሞተሩን እየገፋ ከከተማው በታች ወዳለው ጸበል ወረደ።

ለንግሥ እንኳ ያልወጣ ሰው ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ሰብለም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዳር ቆመች። ጋሽ ሞገስም ነበሩ፤ ከሰሞኑ «እግዜር ይተካልዎ» ያላቸውን ሁሉ አንገት ደፍተው እያመሰገኑ፣ የሚጋብዟቸውን ጠላ ሲቀበሉ ነው የሰነበቱት።

የጸበሉ ቄስ አባ ገብረአማኑኤል ጸሎት አድርሰው የፊት ጎማው ላይ ጸበሉን በጆግ ሙሉ አፈሰሱበት። «በል ግፋው» አሉ።

ገፋው። «ባዕ!»

ሰው ወደ ኋላ ተናደ። አባም መስቀላቸውን እንደያዙ አንድ እርምጃ አፈገፈጉ። ጠላ ሻጯ አልታየች እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና «ይኸው ለፈለፈ! ተናዘዘ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዘሥላሴ ግን ዓይኑ ከጎማው አልተነሳም። እንደገና ገፋው፤ ጮኸ። ውሃ ሲነካው! ጭጋግስ ውሃ አይደል? እዚያው ተንበርክኮ የብሎን መፍቻውን አወጣ፤ ጎማው የሚዞርበትን ብረት ስቦ ጎማውን አላቀቀ። በብረቱ ላይ የበግ ጸጉር ተጠምጥሞበታል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ በግሪስ ተቦክቶ እንደ ባና ብርድ ልብስ የጠጠረ። ገበያ ላይ ዋጋ እስኪቆርጥ ድረስ በጉን ከሱ የፊት ጎማ ጋር የማያስር ማን ነበር? በጎቹም ብረቱ ላይ ሲታከኩ ይውላሉ፤ ጎማው ሲዞር ጸጉራቸውን ይፈትላል። ጸጉሩ ሲደርቅ ዝም ይላል፤ ሲረጥብ አብጦ ጎማውን እየነከሰ ይጮኻል።

ዘሥላሴ ጸጉሩን ከፍ አድርጎ አሳየ። የዳነ መስሎት ነበር።

«አላልኳችሁም?» አለች አልታየች። «ጸጉሩ ተገኘ! የጋሽ ሞገስ ሙክት ጸጉር!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ጸጉሩን እንኳ መቅበር አቃተው» አለ አንዱ። ሰብለ ጸጉሩን አየች፣ ባሏን አየች፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አወጣች።

ዘሥላሴ ጸጉሩን ጣለው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚያየው እሷን ብቻ ነበር።

«ጋሽ ሞገስ በግ ሰጥተውኝ አያውቁም» አላት። «በግም የላቸውም። ይኸው ቆመዋል፣ ጠይቂያቸው። የጫንኩት ሙክት የለም፣ ገደል የገባ የለም፣ የታረደም የለም። በሚካኤል አልማልኩም፤ ማል ያለኝም ሰው የለም። ምንም አልበላሁም፣ ሰብለ።»