አባ ባየህና የኋላው ወንበር

መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኒህ ሽማግሌ መዳፋቸውን ደረታቸው አጠገብ ከፍተው ይይዙና የጎረቤታቸውን እጅ ያያሉ። ጎረቤት ሲመታ ይመታሉ፤ ጎረቤት ሲያቆም አንድ ጭብጨባ አትርፈው ደንገጥ ብለው ያቆማሉ። ያቺ የተረፈችው ጭብጨባ በጸጥታው መሃል ብቻዋን ስትወድቅ እኔ ካለሁበት ድረስ ትሰማኝ ነበር።

ዘመኑ በፈረንጆች ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ወሩ ሰኔ ነው። እስራኤል አገር፣ ሃይፋ ላይ የመጽሐፍ ሳምንት ነበር። እኔ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዬን ጨርሼ ለአንድ ትንሽ አሳታሚ መጽሐፍ እሸጣለሁ፤ መደቤ ደራሲዎች ከሚያነቡበት ድንኳን ጎን ነው። ከታች ወደቡ ይታያል። መርከብ ጡሩንባውን ሲነፋ ግጥም የሚያነብ ሰው ስንኙን ከመሃል ቆርጦ፣ መርከቡ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። ይህም ይደንቀኝ ነበር።

ወደ መጽሐፍ ገበያ የሚመጣው አንባቢ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ግራ ገባኝ። መጽሐፉን ከፍቶ አሽትቶ መልሶ የሚያስቀምጥ አለ። ሽፋኑን በስልኩ አንስቶ፣ ቤቴ ሆኜ በርካሽ አዝዘዋለሁ ብሎ ለእኔው ለሻጯ የሚያዋየኝ አለ። አንዲት ሴት የመደርደሪያዋን ቁመት በክር ለክታ መጥታ፣ በክሩ ልክ የሆነውን ሁሉ ገዛች። ጥያቄ አለኝ ብሎ እጁን አውጥቶ ከደራሲው የረዘመ ንግግር የሚያደርግም ሞልቷል። ሽማግሌውን ግን ከየትኞቹ ጋር እንደማስቀምጣቸው አላወቅሁም። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ያረጀ ቡናማ ባርኔጣ ደፍተው ይመጣሉ፤ የሚነበበው ስለ ወይን አተካከል ይሁን ስለ ፍቅር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ይሰማሉ። ምንም አይገዙም።

በሦስተኛው ምሽት ከድንኳኑ ሲወጡ በአማርኛ ሰላም አልኋቸው።

ባርኔጣቸውን አነሱ። «እንዴት አመሸሽ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴንና የአያቴን ስም ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ከኪሳቸው የተቆላ ሽንብራ አውጥተው እጄ ላይ አፈሰሱልኝ። ባየህ ይባላሉ። የጎንደር ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት እዚሁ ሃይፋ፣ ሃሊሳ ሰፈር ነው። መጀመሪያ የወደብ መጋዘን ሲጠርጉ፣ ኋላ ደግሞ ቲራት ካርሜል ከተማ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

«ወደዱት?» አልኋቸው በእጄ ወደ ድንኳኑ እያሳየሁ።

«መውደዱን እንጃ። ዕብራይስጡ ይፈጥንብኛል። እኔ አቀማመጡን ልማር ነው የመጣሁ።»

«አቀማመጡን?»

«ትናንት አንዷ ስለ ወይን ስትናገር ደግ ነገር የተናገረች መሰለኝና፣ እሰይ፣ አፍሽ ይባረክ! አልኋት። ድንኳኑ ሙሉ ዞሮ አየኝ። እኛ ዘንድ የሚናገር ሰው እሰይ ካልተባለ የተቀየሙት ይመስለዋል። እዚህ ዝም ነው። ሲስቁ አብሬ ልሳቅ እላለሁ፣ ሳልደርስበት ያልቃል። መሃል ላይ ተነሥቶ የሚሄድ አለ፤ የሚቆጣው የለም። ለቅሶ ቤት ቢሆን ስሙ ይነሣ ነበር።»

«ይሄ ለቅሶ አይደለም እኮ፣ አባ።»

«ሰዉ ግን ያው ነው። ለቅሶ ቤትስ ሁሉ ሊያለቅስ ይመጣል? ሊታይ የሚመጣ አለ፣ ሊበላ የሚመጣ አለ። እኔ ወንበር ልሞላ ነው የምሄደው። ሰው ሊናገር ተነሥቶ ሰሚ ሲያጣ አልወድም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሐሙስ ልጄ ታነባለች። ተናኜ። እዚህ ኢላኒት ይሏታል። መጽሐፍ ጻፈች። አባዬ አትምጣ፣ አይገባህም አለችኝ። የፈራችው እሰይ እንዳልላት ነው፤ አቀማመጡን ከቻልሁ ምን ታደርገኛለች?»

የኢላኒት መጽሐፍ መደቤ ላይ ነበር። ገና አላነበብሁትም። አንሥቼ ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሳሙት፤ መልሰው ሰጡኝ።

«እስቲ ጥቂት አንብቢልኝ። በአማርኛ እየመለስሽ።»

በጣም ደስ ብሎኝ ስለነበር ዓይኔ አስቀድሞ ሳያየው አፌ ቀደመ። «አባቴ የሞተ ቀን፣» ብዬ ጀመርሁ፣ «የሃሊሳው ደረጃ ላይ ሽንብራ ተበትኖ ነበር። የፈሰሰው ከኪሱ ነው።»

አቆምሁ። ሽንብራው እጄ ውስጥ ነበር።

«የማን አባት ነው?» አሉ።

«ልብ ወለድ ነው፣ አባ። የተፈጠረ ሰው ነው።»

«የተፈጠረ ሰው በእኔ ቤት ደረጃ ላይ ምን ያደርጋል?»

ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርሁ። ባስረዳሁ ቁጥር እኔንም ግራ እያጋባኝ ሄደ። እሳቸው ደረጃውን እያሰቡ ይመስለኛል፣ አይሰሙኝም ነበር።

«በይ ቀጥይ። አለቀሰችልኝ?»

«አላለቀሰችም። ወንበር ትደረድራለች።»

«ሰው መጣ?»

በዓይኔ ወደ ታች ሮጥሁ። «መጣ። ከጎረቤት ሁሉ ወንበር ተለምኖ አልበቃም ይላል።»

«አልበቃም?» ፊታቸው ወዴት መሄድ እንዳለበት ያጣ መሰለ። «ሰው መጣ። እሰይ።» «ለዚህ ነዋ አትምጣ ያለችኝ። አባቴ ሞተ ብላ ጽፋ፣ እኔ ፊቷ ቁጭ ብዬ ሽንብራ ስቆረጥም ሰው ምን ይላታል? ውሸታም ነው የሚላት።»

«አይሏትም፣ አባ። ሰው ያውቃል።»

«ሰውን አላየሽውም አንቺ። እንግዲህ ሞቻለሁ። የሞተ ሰው የት ይሄዳል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውም እንደ ጭብጨባቸው አንዲት ተርፋ ወደቀች።

ሐሙስ ማታ የዓለም ዋንጫ ነበር። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ወዳለበት ቡና ቤት ሄዶ መደቦቹ ጭር አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የምታሳርፍ ሴትና ከረጢቱን አቅፎ ያንቀላፋ ሰውዬ ብቻ አሉ። ኢላኒት ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣ መጽሐፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። የመርሐ ግብሩ አስተናጋጅ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን እያየ «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ ምንም አይደል፣ ትንሽ እንጠብቅ» ይላታል።

አባ ባየህን ከመደቤ ኋላ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል።

«ከሩቅ ላያት ነው የመጣሁ፣» አሉኝ። ከዚያ ወንበሮቹን አዩ። «የት አለ ሰው?»

«ኳስ ነው፣ አባ።»

«መጽሐፉ ወንበር አልበቃም አላለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

እኔም ባዶዎቹን ወንበሮች አየሁ። ለማን እንደማዝን ጠፋኝ።

«ብገባ ውሸታም አደርጋታለሁ፣» አሉ። «ባልገባ ሰሚ አጣች። ምን ይሻላል?»

የመደቤን መጻሕፍት ማስተካከል ጀመርሁ።

አስተናጋጁ የድምፅ ማጉያውን መታ መታ አደረገ፤ መጠበቅ አበቃ ማለት ነው። ኢላኒት ተነሣች። አባ ባየህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ግንባራቸው ከባርኔጣው በታች ካለው ፊታቸው ነጣ ያለ ነው፤ ሌላ ሰው ይመስላሉ።

«ይህን ታውቀዋለች፣ ያዢልኝ» አሉና ኪሳቸውን ገልብጠው ሽንብራውን ሁሉ ባርኔጣው ውስጥ አፈሰሱት። «ከኋላ እቀመጣለሁ። እንግዳ ሰው ነኝ። እሰይም አልል።»

«ብታይዎትስ?»

«ለለቅሶ የመጣውን ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።»

ሄዱ። ባዶ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው እጃቸውን ከፊት አጣምረው፣ በመደቦቹ መሃል ቀስ ብለው ወደ ድንኳኑ ተራመዱ። ኢላኒት ቀና አለች። ፊቷን ላየው አንገቴን ብመዝ ጀርባቸው ከለለኝ። ወረቀት ሲገለጥ በማጉያው ተሰማ፤ ከዚያ ድምፅዋ መጣ፦ «አባቴ የሞተ ቀን…»

እሳቸው ገና ወደ ኋላው ወንበር እየተራመዱ ነበር።