ሳላየው የመለስኩት ስልክ

ስድስት እንቁላል ፊቴ ተቀምጧል፤ ልበላው አልቻልኩም።

ዛሬ የገበያ ቀን ነው። ከጓደኞቼ ጋር ከኮሌጅ ስንወጣ የሰፈራችን እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ጠበቁኝ። አባቴ «ልጄ ኔትወርክ ነው የምትማር» ብሎ ለሁሉም አውርቷል። (ታወሩን ያቆመችው እሷ ናት ማለት ብቻ ነው የቀረው።)

«የኔ እናት፣ ስልኬ ኔትወርክ እምቢ አለኝ። አረብ አገር ያለችው ልጄ ድምጿ ከጠፋ አምስት ቀን ሆነ። ምን አግኝቷት ይሆን? እስቲ ሥሪልኝ» አሉና ስልኩንና በገለባ የተጠቀለለ እንቁላል ዘረጉልኝ።

ጓደኞቼ ሳቁ። «ኢንጂነር፣ ታወር ልትወጪ ነው?» አለች አንዷ።

ፊቴ ጋለ። ስልኩን ሳልነካው «የታወር ችግር ነው፤ እኔ አልችለውም» አልኳቸው።

«አብሽሪ። እንቁላሉን ግን ያዢው፣ ጥናት ያደክማል» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት እትዬ ዘነቡን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊታቸው በርቷል። ለካ ሳያውቁ የአውሮፕላኗን ምልክት ነክተው ኖሯል። ገበያ ውስጥ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ አይቶ በአንድ ጣት አጠፋላቸው፤ ልጃቸውም ወዲያው ደወለች።

«አንቺም እኮ ብታዪው አያቅትሽም ነበር» አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ።

አላየሁትም።

እናንተስ ሰው ይስቅብኛል ብላችሁ የምትችሉትን አልችልም ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብቻዬን ካልሆንኩ ንገሩኝ።