ሦስተኛው ቤት

ለግንቦት ልደታ ወደ ደባርቅ የተጓዝኩት የአንዲት እንስት አምላክ ቀብር ላይ ለመድረስ ነበር። ከከተማው በላይ፣ በቡይት ራስ መንገድ የምትኖረው አክስቴ ጥሩነሽ «ዘንድሮ ለአድባሯ የሚያዋጣ ጠፋ፤ ብቻዬን ቀረሁ» ብላ ደውላልኛለች። የግሪኮቹን አማልክት አሟሟት ሳነብ ኖሬ ከራሴ መንደር ቀብር መቅረት ነውር መሰለኝ።

ጠዋት፣ ዳባት

ከጎንደር የተነሳው ሚኒባስ ለቁርስ ቆመ። ፍርፍር አብሮኝ የበላው ወጣት ጉዳዬን ሲሰማ ሳቀ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዘመን ዛፍ?»

መስተዋቱ ላይ ክታብ ያንጠለጠለው ሹፌርም አብሮት ሳቀ።

ከቀትር በኋላ፣ ኮሶዋ ሥር

አድባሯ ይቺ የኮሶ ዛፍ ናት፤ በልጅነቴ ግንዷ በቅቤ ይወዛ ነበር። ዙሪያዋን በየጉልቻው እሳት ይነዳል፤ እኛ የማንንም ንፍሮ እየዘገንን እንሮጣለን። አሁን ያለው አንድ ጉልቻ ነው። ጎረቤቶቹ ገሚሱ ከተማ ገብተዋል፤ የቀሩት ስብከት ሰምተው ትተውታል።

አክስቴ ሻንጣዬን ዳበሰች። «እህልህስ?»

«ዳቦና ስኳር ነው የያዝኩት።»

«ዳቦ ይቀቀላል? ያ ሁሉ ንባብ ለዚህ ነው? ካንድ ቤት የወጣ እህል ለአድባር አይሆንም። ሦስት ቤት ይፈልጋል።»

«ካንቺው ጓዳ ለሦስት ብንከፍለውስ?»

«ማንን ልናታልል?»

ደባርቅ ወርጄ ባቄላ ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለት ቤት ሆንን። እሳቱ ነደደ፤ ድስቱ ግን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጉም ከገደሉ እየወጣ ኮሶዋን ሸፈናት። አክስቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል «በእኔ ዕድሜ ልታልቅ ነው» አለች። ለቀብር መምጣቴ አሳፈረኝ።

ያኔ የደብሩ ቄስ ብቅ አሉ። ስብከቱን የሰበኩት እሳቸው ናቸው። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ስንዴ አወጡ።

«አባ፣ ከልክለው የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«አድባር የሚባል አላውቅም። የመጣሁት ለልደታ ነው። ለልደታ ደጅ ላይ ንፍሮ ይቀቀላል።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?» አለች አክስቴ፣ ድስቱን እየጣደች።

ግንዱን ቅቤ ስትቀባው አባ ፊታቸውን ወደ ሰማይ መለሱ። «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» አሉ።

በማግስቱ፣ ጎንደር

የጥንቶቹ አማልክት አስታርና መድር ዛሬ ከአክሱም የድንጋይ ጽሑፍ ሌላ ቤት የላቸውም። ተከራክሮ የረታቸው ያለ ይመስለኝ ነበር፤ በመንገዴ ሁሉ ሳስበው ግን ምናልባት ያጡት ሦስተኛውን ቤት ነው።

አክስቴ «ለጎረቤትህ» ብላ ንፍሮ ቋጥራልኛለች። ኮንዶሚኒየሜ ስደርስ ስሙን እንኳ የማላውቀውን የፊት ለፊት ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። በጠባቡ ከፈተ።

«ምነው፣ ውሃ ጠፋ?»

«ንፍሮ ነው። የልደታ።»

አንዲት ባቄላ አንስቶ ቀመሰ።

«እኛ አገር ዋርካ ነበረች» አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።