ጥጥ የሚቆርጠው መኪና

ለባለቤቴ ከሮቤ ገበያ የገዛሁለት ጋቢ ባንድ አጠባ ሳሳ። ልጄ «የፋብሪካ ጥጥ እኮ ነው፣ ምን ጠብቀሽ ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ከድር ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጎባ። ከድር የታጨሁለት ልጅ ነበር፤ እጁ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ሞተር ጠጋኝ። እናቴ ላለችበት የፈታዮች ማኅበር የጥጥ መዳመጫ መኪና ሲመጣ እሱ ተቀጠረበት። ሴቶቹ በብረት ዘንግ እየዳመጡ ሳምንት የሚፈጅባቸው የቆላው የደሎ መና ጥጥ ከምሳ በፊት ያልቅ ጀመር። እናቴ እልል አለች።

ደስታው ክረምቱን አልተሻገረም። ክሩ እንዝርት ላይ ይበጠሳል፤ ሸማኔው ድሩን ሲወጥር ይበጣጠስበታል። ከድር አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ከእናቴ ሰፌድ ላይ ጥጥ አነሣና በጣቶቹ ሳብ አደረገው። እንደተላጨ ፀጉር አጭር አጭር ሆኖ ተለያየ።

«የመኪናው ጥርስ ነው፣ እናቴ» አላት። «ስለሚፈጥን ጥጡን ከፍሬው በማላቀቅ ፈንታ ይቆርጠዋል። ጥጡም ፀሐይ ላይ ከርሞ ደርቋል። መኪናውን ቀስ ባደርገው ይሻላል።»

«አድርግልን ልጄ፣ ዱዓ እናደርግልሃለን።»

አደረገው። ክሩ ጠነከረ፤ በቀን የሚዳመጠው ጥጥ ግን አነሰ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ ጠራ። ከድር ሊያስረዳ ቢነሣ «ዕቅድ የሚያዘገይ ሰው ስሙ አሻጥረኛ ነው!» ብሎ አቋረጠው። ፈታዮቹ ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ መሬት መሬቱን አዩ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያ ዘመን አንዲት ቃል ቤት ታፈርስ ነበር።

ከድር ታሰረ፤ መኪናውም ወደ ድሮ ፍጥነቱ ተመለሰ። አባቴ ሽማግሌ ልኮ እጮኝነቱን አፈረሰ። «አባባ፣ እንዴት እንዲህ ያደርጋሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሌሎችም ልጆች አሉኝ» አለኝ ዓይኔን ሳያይ።

የተፈታው ገብሱ በሚታጨድበት ወራት ነው። ወደ ደሎ መና ሊሄድ መሆኑን ሰምቼ መናኸሪያ ደረስኩበትና ለመንገዱ በወረቀት የጠቀለልኩትን ቆሎ ሰጠሁት። «እናትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ፤ ስለኛ ምንም አላነሣም። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ «ናጋቲ» ብሎ በኦሮምኛ ተሰናበተኝ፤ አውቶቡሱም ወደ ሳነቴ ተራራ ጉም ገባ። እዚያው ቆላ አግብቶ፣ ወልዶ ኖረ። ዳግም አልተያየንም።

እሱ በሄደ በወራት ውስጥ ሸማኔዎቹ ያንን ክር አንነካም አሉ። ሊቀመንበሩ ራሱ መኪናው ቀስ እንዲል አዘዘ፤ ሴቶቹም አጨበጨቡለት።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ኑሮዬን አላማርርም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ዕድሜ ሲገፋ ሰው የሚቆጨው ነገር እያነሰ ይመጣል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ እንደዚያ አልሆነም። ከድር በዚያ ስብሰባ ቀን የፈለገው አንዲት ሴት ተነሥታ «እውነቱን ነው» እንድትልለት ብቻ ነበር።