የውባንቺ መርዶ

ውባንቺን ያወቅኋት በ1973 ዓ.ም. ናይሮቢ ነው። ኢስሊ ሰፈር አንዲት ክፍል አብረን ተከራይተን ነበር። እሷ ኪሌሌሽዋ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፣ እኔ ሱቅ ውስጥ እሸጣለሁ። ባሏን አለኸኝን አዲስ አበባ ከቤታቸው ደጃፍ የቀበሌ ጠባቂዎች ከወሰዱት አራት ዓመት አልፎታል። ሞተም አለም ያላት ሰው የለም።

አንድም ቀን አላለቀሰችለትም። "በቁሙ ካለቀስኩለት ሟርት ይሆንበታል። እኔው ገደልኩት ማለት ነው" ትለኛለች። ራት እየበላን ድንገት እጇን ታቆምና "ሰማሽ? የሱ ሳል ነው" ትላለች። እኔ አልሰማም። ኋላ ግን፣ መናገሩ ያሳፍረኛል፣ እኔም መስማት ጀመርኩ።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለስደተኛ እንግሊዝኛ ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን ንጄሪ፣ ኬንያዊት ናት፣ "ከት ዩር ሎስስ" የሚል አባባል ሰሌዳው ላይ ጻፈችልን። ቲማቲም ስታስጭኚ ግማሹ መንገድ ላይ ቢበሰብስብሽ፣ ለበሰበሰው ደግሞ የመኪና አትክፈይ፤ ጣይውና በቀረሽ ነግጂ፣ ኪሳራውን እዚያው ቁረጪው ማለት ነው አለችን።

ውባንቺ እጇን አወጣች። "ለሰውም ይባላል?"

"ይባላል። የማይሆን ፍቅር ለያዘው ሰው ይባላል።"

"መሞቱ ላልታወቀስ?"

ንጄሪ ዞራ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች።

በዚያ ሰሞን ካሣሁን የሚባል መካኒክ ውባንቺን ለማግባት ፈለገ። ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው ነው። "ሽማግሌ ልልክ ነው፤ መቼ ትገኛለች?" ብሎ ጠየቀኝ። "ቅዳሜ ሥራ ሳትወጣ፣ በጠዋት ይምጡ" አልኩት። ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ። አገሬ ብሆን እንዲህ አልሳሳትም ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ውባንቺ ከፈተች። ካሣሁን የላካቸው ጋሽ ቶሎሳ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋቢ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እነሱ ለወጉ ነው የደፉት። እሷ ግን ሦስት ሽማግሌ በዚህ ሰዓት ደጅ ከቆመ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች።

"አለኸኝ! አለኸኝዬ!" ብላ ጮኸች። ደረቷን ደቅታ መሬት ወደቀች።

"ኧረ በፈጣሪ! ለጋብቻ ነው የመጣነው!" ይላሉ ጋሽ ቶሎሳ። ማን ይስማቸው! የአራት ዓመቱ ነው የወጣው። ጎረቤቶቻችን እየሮጡ መጥተው "ፖሌ፣ ፖሌ ሳና ማማ" እያሉ በስዋሂሊ እያጽናኑ አቀፏት። አንዱ ሽማግሌ "ጉድ እኮ ነው፣ ሙሽራ ልንጠይቅ መጥተን ለቅሶ አስቀመጥን" ሲል ጋሽ ቶሎሳ በክርናቸው ጎሸሙት።

ረፋዱ ላይ ዝም አለች። ሁሉንም ነገርኳት። "መርዶ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በጠዋት ኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

"አልቅሻለሁ እኮ ፋናዬ" አለችኝ። "እስከ ዛሬ ነበረ። አሁን አለቀ።"

ላጽናናት ብዬ "ንጄሪ ያለችውን አስቢው። ይቆረጥ። ካሣሁን ጥሩ ሰው ነው" አልኳት።

"ቆረጥኩት እኮ። አለኸኝን ነው የቆረጥኩት።"

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። ካሣሁንም መጥቶ ከሰዉ ጋር ተቀመጠ። ጥያቄውን ዳግመኛ አላነሳም።

በዓመቱ ለስደተኛ ወረቀት ዌስትላንድስ አንድ ቢሮ ቀረበች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ጸሐፊው "ባልሽ መቼ ሞተ?" አላት። ያንን ቅዳሜ ከነቀኑ ነገረችው።

"የት?"

"ኢስሊ፣ እቤታችን" አለች።

ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ እኔን ይጠብቃል። እንዳለችው ተረጎምኩለት።