ጺማሙ መቺና እትዬ ጽጌ

ባለፈው ሳምንት ዌስተን በሚባለው ሰፈር ጥርስ ሐኪም ጋ ወረፋ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቲቪ ድምፁ ጠፍቶ የቤዝቦል ጨዋታ ያሳይ ነበር፤ አንዱ መቺ ዱላውን ትከሻው ላይ አስደግፎ ሲቆም ከስሙ ሥር ቁጥሮቹ ተደረደሩ፣ እኔም ሳላስበው በአማርኛ፣ ያውም ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ ሲያየኝ ነው የት እንዳለሁ ትዝ ያለኝ። ለካ ልቤ ልጅ ሆኜ ወደኖርኩበት ሰፈር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ እትዬ ጽጌ ቤት ሄዷል።

እትዬ ጽጌ የጎረቤታችን የአልማዝ እናት ነበሩ። አልማዝ ስፖንሰር አድርጋ ከአገር ቤት አመጣቻቸውና፣ ኢቶቢኮ ያለ መጋዘን ውስጥ ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ ደርባ፣ ስለምትሠራ፣ ስትወጣም ስትገባም ተኝተው ነበር የምታገኛቸው። እንግሊዝኛ አያውቁ፣ አውቶቡስ ብቻቸውን አይደፍሩ፣ ቀኑ ይረዝምባቸዋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትገባ እሳቸው ዘንድ እቆይ ነበር፤ ቢጫው መጋረጃ ፀሐዩን አጣርቶ ማር በሚያስመስልበት፣ የጦስኝ ሻይ በሚሸትበት በዚያ ሳሎን፣ ማራገቢያው እያንጎራጎረ፣ ሶፋው ላይ ተጠጋግተን ቤዝቦል እናያለን። በዚህ አገር ሁሉም ነገር ይቸኩላል፣ ይሄ ጨዋታ ግን እንደ ሽማግሌ ተረጋግቶ፣ ምራቁን ተፍቶ፣ ጓንቱን አስተካክሎ ነው የሚጀምረው ይሉ ነበር።

ከመቺዎቹ ሁሉ አንዱን ይወዱ ነበር። ስሙ አፋቸው ላይ አልያዝ ስላላቸው «ጺማሙ» አሉት። የእኔ ሥራ እሱ በቀረበ ቁጥር ቲቪው ላይ የሚወጣውን የምት አማካዩን፣ ከሞከረው ስንቱን እንደመታ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ማንበብ ነው። ከአስር ሙከራ ሦስቱ የተሳካለት መቺ እዚህ ትልቅ ሰው ተብሎ እንደሚሸለም ባስረዳኋቸው ቀን የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና፣

«ሰባቱን ስቶ? አገሩ እንዲህ መሐሪ ከሆነ ታዲያ ልጄን ለምን እንዲህ ያስሮጣታል?» አሉ።

አማካዩ ከፍ ሲል ቤቱ ፋሲካ ነው። ሲወርድ ደግሞ የሰው ዓይን ነው ብለው ጠበል በጣታቸው ቲቪው ላይ ረጨት ያደርጋሉ፤ አልማዝ መስተዋቱ ላይ ነጠብጣብ ለምን እንደሚበዛ እስከ መጨረሻው አልገባትም።

ጺማሙ አረጀ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ቁልቁል ሲወርድ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብላቸው ነበር። ሊያቆም መሆኑ ሲሰማ እትዬ ጽጌ ልጃቸውን ስታዲየም ውሰጂኝ ብለው ለመኗት፤ አልማዝም ሁልጊዜ «እማዬ፣ ሺፍት አለብኝ» ትላለች። በመጨረሻ አባቴ እሳቸውንና እኔን ይዞን ሄደ።

ጺማሙ የመጨረሻ ምቱን ሳተ። አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ያ ሁሉ ሕዝብ ብድግ አለ። እትዬ ጽጌ ግራ ገባቸው።

«ሳተ አይደል እንዴ? ምን ሆነው ነው የተነሡለት?»

«ለዛሬው አይደለም እትዬ» አላቸው አባቴ፣ «ለዘመኑ ነው።»

ይሄን ሲሰሙ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና እልልታቸውን አቀለጡት። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ጺማሙም ቆም ብሎ ባርኔጣውን ከፍ አደረገ፤ አባቴ ለሁሉም ነው ይላል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ወደ እኛ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ እትዬ ጽጌ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ ቡድኑ የጺማሙን ስም ለክብሩ ስታዲየሙ ላይ ሲሰቅል ለአልማዝ ደወልኩላት። ፈቃድ ጠይቃ መጣች። በትልቁ ስክሪን የጥንት ምቶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ፣ በዚህኛው እትዬ ጽጌ እስክስታ ወርደው ነበር፣ በዚያኛው ሻዩን ምንጣፉ ላይ ደፍተውት ነበር እያልኩ አወራላት ጀመር። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ እሷ የምታየው እኔን ነበር።

«እማዬ ትስቅ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ።

«በጣም እንጂ።»

እጄን ያዘችኝ። «እንዴት አድርጋ?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ዓይናቸው መጣልኝ፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ መጣልኝ፤ የሳቃቸው ድምፅ ግን አልመጣም።