በአንድ ዓይን የተሣለው ቀዛፊ

ለዚህ ታሪክ የጽሑፍ ማስረጃ የለኝም፤ የምተማመነው ያኔ በነበርሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ጀልባ ሲቀቡ የዘይት ቀለሙ ሽታ ትዝታውን ቀሰቀሰብኝ።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ጣናን ሲሥሉ የኖሩ ሠዓሊ ነበሩ። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ ራሱን ታንኳ ሲቀዝፍ በቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ እንዲሥሉት አዘዛቸው። እሳቸውም ፊቱን ከጎን ሣሉት። በምረቃው ዕለት እኔ፣ የመሪጌታ ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለመድሁትን ይዤ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ፦

«ጋሼ፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ኃጥኣን አይደሉም እንዴ?»

ሊቀመንበሩ ወደ አጎቴ ዞረ።

«ሁለተኛውን ዓይን ሳትሥል ከዚህ አትወጣም!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀዛፊው ወደ እኛ ካየ ታንኳዋ ወዴት ትሄዳለች?» አሉ አጎቴ።

የቀበሌው ጥበቃዎች ሰዉን አስወጥተው በሩን ከውጭ በአጎቴ ላይ ቆለፉባቸው። እኔም ከበሩ ሥር ተንበርክኬ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። በበሩ ስንጥቅ የዘይት ቀለም ሽታ ይወጣ ነበር።

«ዝም በል፣ አንተ ደብተራ! ይልቅ እናትህ ራቴን ታቆይልኝ» አሉኝ ከውስጥ።

ሲመሽ ወጥተው፣ ቀለም በነካው እጃቸው ራሴን እንደዳሰሱኝ አስታውሳለሁ። ታላቅ እኅቴ ግን ከዚያ በር ሲወጡ ያያቸው ሰው የለም ትላለች። ከዚያ ምሽት ወዲህ ስላልታዩም፣ የማናችን ትዝታ እውነት እንደሆነ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልሁም።